የእንድሪስ ፉጨት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ የሚያውቀኝ ያውቀኛል። ጅን የለም አላልኩም፣ አላህ ፈጥሬዋለሁ ካለ አለ፣ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም፤ ግን ሸዋሮቢት ውስጥ በር በነፋስ በተንቋቋ ቁጥር፣ ወተት በተበላሸ ቁጥር፣ ባል አምሽቶ በገባ ቁጥር «ጅን ነው» የሚሉ ሰዎችን በጭራሽ አልችላቸውም። አንድ ጊዜ ጎረቤቴ ጣራዬ ላይ ሰው ይሄዳል ብላ ሰፈሩን ስታሸብር፣ ዱላ ይዤ መሰላል ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ ያገኘሁትም አንዲት የወለደች ድመት ነው፣ እጄን ቧጥጣኝ ወረድኩ፣ ጎረቤቴ ግን እስከ ዛሬ «አንቺን ሲያይ ወደ ድመት ተለውጦ ነው» ትላለች። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ምን ይወራል? እና አሁን የምነግራችሁን ነገር እኔ ራሴ ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ ሻርፔን አስተካክዬ እነሳ ነበር፣ ወላሂ እነሳ ነበር።

ዘይነባ እባላለሁ፣ ገበያው ዳር ማር እሸጣለሁ። ማሩን የሚያመጣልኝ ታናሽ ወንድሜ እንድሪስ ነው፣ እሱ ቀወት ገጠር ውስጥ ማሽላና ማሾ ያርሳል፣ የእርሻ ሥራው ቀለል ሲልለት ደግሞ ጫካ ገብቶ ከዛፍ ግንድ ውስጥ የዱር ማር ይቆርጣል። እናት አባታችን ቶሎ ስለሄዱ ያሳደግኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፣ ይህን ስል ይናደዳል፣ «ትንሽ ብትበልጪኝ የወለድሽኝ አስመሰልሽው እኮ» ይለኛል፣ እኔም «ባልወልድህም አፍንጫህን የጠረግኩት እኔ ነኝ» እለዋለሁ፣ ነገራችን ሁሌ እንዲህ ነው። ከእሱ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ የሥጋ ዘመድ የለኝም።

ልጆች ሳለን የአባታችንን ማሽላ ከግሪሳ ወፍ የምንጠብቀው እኔና እሱ ነበርን፣ እኔ በአንዱ ማማ ላይ፣ እሱ ማዶ ባለው ማማ ላይ። ጩኸት ጉሮሮ ይፈጃል፣ ስለዚህ የምንጠራራው በፉጨት ነበር። የእሱ ከታች ይነሳና ወደ ላይ ይወጣል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ የፊት ጥርሱ ሸራፋ ስለሆነ ትንፋሹ በዚያ ሾልኮ «ፍስስ» የምትል ነገር ይጨምርበታል፣ ያቺን «ፍስስ» ሌላ ሰው ሊያመጣት አይችልም። እኔ ስመልስለት ከላይ ጀምሬ ወደ ታች ነው። የሰፈር ሴቶች «ሴት ልጅ ታፏጫለች እንዴ!» እያሉ ስንቴ ቆነጠጡኝ፣ እኔ ግን አልተውኩም፣ አሁን ትልቅ ሴትዮ ሆኜም ቢሆን ከገበያው ማዶ ሲያፏጭልኝ ደንበኛ ፊት ቆሜ እመልስለት ነበር።

ማሩን እየዞረ ፈልጎ የሚያገኘው እንዳይመስላችሁ፣ ወፍ ናት የምትመራው። ማር መሪ እንላታለን፣ ብታዩአት ምንም አትመስልም፣ አመድማ፣ ዛፍ ላይ ብትቀመጥ ዞር ብላችሁ የማታዩአት ዓይነት ናት። ሰው ስታይ ግን ዝም አትልም፣ ክብሪት በሳጥኑ ውስጥ ሲነቀነቅ እንደሚሰማው «ትርርርር» እያለች ትመጣለች፣ ሰውየው ካፏጨላት የጅራቷን ነጭ ላባ እያሳየች ወደፊት ትበራለች፣ ቅርንጫፍ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች፣ እንደገና ያፏጭላታል፣ እንደገና ትበራለች፣ እንዲህ እያለች ንቡ ያለበት ዛፍ ሥር ታደርሰዋለች። ንብ የት የት እንዳለ አሳምራ ታውቃለች፣ ግን መጥረቢያ የላት፣ ጭስ የላት፤ ሰው ደግሞ መጥረቢያውም ጭሱም አለው፣ ዛፉን አያውቅም። የሚገርማችሁ ማሩን አትፈልገውም፣ የምትበላው ሰሙን ነው፣ የሌላው ፍጥረት ሆድ የማይፈጨውን ሰም እሷ እንደ ዳቦ ትውጠዋለች። ስለዚህ በእኛ አገር ማር ቆራጭ ሲጨርስ ከሰፈፉ ቆርሶ ቅጠል ላይ ያስቀምጥላታል፣ «ድርሻሽን» ይላታል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል የሚያከብረው ነገር ነው። ካላስቀመጠ በሌላ ጊዜ ወደ እባብ ትወስደዋለች ይባላል። ይህን ስሰማ እኔ እስቅ ነበር፣ ቂም የሚይዝ የትኛው ጭንቅላቷ ነው እያልኩ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሱቄን እንኳ ሳልከፍት የእንድሪስ ሚስት ሰዓዳ ደወለች።

«እታለም፣ እንድሪስ አንቺ ጋ አድሯል እንዴ?»

«እኔ ጋ ምን ሊሠራ ያድራል?» አልኳት፣ ይህን ብዬ ሳልጨርስ ግን ድምጿ ምን እንደሆነ ገባኝ።

ትናንት ጠዋት መጥረቢያውንና ጀሪካኑን ይዞ ማር ልቆርጥ ብሎ ወጥቷል፣ አልተመለሰም፣ ስልኩም አይሠራም። እንድሪስ ጫካ ያደረበት ቀን በሕይወቱ የለም፣ በዚያ ላይ ሰዓዳ ወሯ ገብቶ ነበር፣ ዛሬ ነገ ትወልዳለች እየተባለ ነው፣ እንዲህ እያለች ጥሏት የሚያድር ሰው አይደለም። የሚይዘው ውኃ ደግሞ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ነው፣ ብዙ ያዝ ሲሉት «ለማር የምሄድ ሰው ውኃ ተሸክሜ ልድከም?» የሚል ጅል ነው። የእኛን ቆላ ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ የወደቀ ሰው ያለ ውኃ አንድ ቀን ሊችላት ይችላል፣ ሁለተኛውን ግን እንጃ። ባጃጅ ተኮናትሬ መንገዱ እስከሚያልቅ ሄድኩ፣ ከዚያ በእግሬ ሮጥኩ።

ስደርስ የመንደሩ ወንዶች ወንዙን ተከትለው ሊፈልጉ ተሰብስበዋል፣ እዚያ አካባቢ ያየው ሰው አለ ተብሎ። እኔ ግን ማክሰኞ በስልክ ስናወራ «ከኮረብታው ጀርባ ያለውን የቁርቁራ ጫካ ልሞክረው ነው» ማለቱን አስታወስኩ፣ ነገርኳቸው። አንዱ «መጀመሪያ ወንዙን እንጨርስና ከዚያ እንሄዳለን» አለኝ።

«እናንተ ወንዙን ጨርሱ፣ እኔ ወንድሜን ልፈልግ» አልኩት። ክፉ አነጋገር ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን በዚያ ሰዓት ጥሩ አነጋገር ከየት ይምጣ።

ከእኔ ጋር የመጡት ጋሼ ተክሌ ብቻ ናቸው። የእንድሪስ አጥር ለአጥር ጎረቤት ናቸው፣ ሽማግሌ ይሁኑ እንጂ እግራቸው ከእኔ ይሻላል፣ አህያቸው ላይ ሁለት ጀሪካን ውኃና መጫኛ አድርገው «ነይ እንሂድ ልጄ፣ አፍሽን ለመንገዱ ቆጥቢው» አሉኝ። ሰዓዳ በራፉ ላይ ሆዷን ይዛ ቆማ ነበር። «እታለም፣ ይዘሽው ነይ» አለች። እኔም «ይዤው እመጣለሁ» አልኳት፣ ቃል ነው።

ስንፈልግ ዋልን። ኮረብታውን ዞርን፣ ጫካውን ወዲያ ወዲህ ሄድንበት፣ ቀሚሴን እሾህ ተጫወተበት፣ ስጣራ ውዬ ድምፄ ተዘጋ። ከንፈሬ እስኪደርቅ አፏጨሁ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች፣ የሚመልስልኝ ግን የለም። ዐስርን አንድ ግራር ሥር ሰግጄ ስነሳ ጋሼ ተክሌ አህያቸውን ወደ መጣንበት አዙረው አየኋቸው።

«ልጄ፣ ሳይመሽ እንመለስ፣ ጅቡም አለ። ነገ በጠዋት ሰው ጨምረን እንመጣለን።»

«ነገማ የምንፈልገው ሬሳ ነው ጋሼ። እርስዎ ይመለሱ፣ ውኃውን ብቻ ይተዉልኝ።»

«አንቺን እዚህ ጥዬ ብሄድ ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው የሚለውን ይበል። ሳላገኘው አልመለስም፣ አለቀ!»

ምራቃቸውን እንትፍ አሉና አህያዋን መልሰው አዞሩ። «ግትርነቱን ከአባትሽ ነው የወሰድሽው፣ በማርያም» አሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው።

ከዚያ ብዙም ሳንሄድ ነው ዛፉን ያገኘነው። ትልቅ ሾላ ነው፣ ግንዱ በመጥረቢያ ተፈልፍሏል፣ ሥሩ የጭሱ አመድ አለ፣ ንቡ ገና ተናዶ ይጮኻል። መጥረቢያው ግንዱን ተደግፎ ቆሟል፣ ጀሪካኑ እስከ ግማሽ ማር አለው፣ ክዳኑ ተከፍቶ ጉንዳን ወርሶታል። እንድሪስ ራሱን ይረሳ እንደሆነ እንጂ መጥረቢያውን የሚረሳ ሰው አይደለም፣ ምን አይቶ ነው ክዳን እንኳ ሳይገጥም የሄደው? ጋሼ ተክሌ ግን መሬት መሬቱን ያያሉ፣ አንድ ቦታ ላይ አፈሩ የተቆፈረ ነበር፣ በዱላቸው ጫሩት፣ በቅጠል የተጠቀለለ ሰም ከነሰፈፉ ወጣ።

«ቀበረባት!» አሉ፣ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ይሄ ልጅ ምን ነካው? አንዳንድ ቦታ የሚያደርጉት አሉ ሲባል እሰማለሁ፣ ሰሙን ስትቀብርባት ርቧት ወደ ሌላ ዛፍ ትመራሃለች ይላሉ። እኛ አገር ይሄ ተደርጎ አያውቅም።»

«ጋሼ፣ ወንድሜ በሞት አፍ ውስጥ ሆኖ የወፍ ምሳ ነው የሚያስጨንቅዎ?»

ሰሙን በእጃቸው ጠርገው ድንጋይ ላይ ቅጠል አንጥፈው አስቀመጡት፣ «ልጅ ነው፣ ይቅር በይው» አሉ ወደ ዛፉ ቀና ብለው። እኔ በንዴት ልፈነዳ ነው፣ ፀሐይዋ ኮረብታው ጀርባ ገብታለች፣ እሳቸው ከወፍ ጋር ያስታርቃሉ።

አሁን ስሙኝ። ፀሐይ ገብታ፣ ሰማዩ ላይ ትንሽ ቅላት ቀርቶ፣ ሌላው ወፍ ሁሉ ዝም ባለበት ሰዓት፣ ከላያችን «ትርርርር» አለ። ጋሼ ተክሌ ክንዴን ያዙኝ። «እሷ ፀሐይ ከገባች አትሠራም» አሉ በሹክሹክታ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ማታ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም።» ወፏ ወረደች፣ ድንጋዩ ላይ ባለው ሰም አጠገብ አለፈች፣ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም፣ ነጭ ላባዋን እያሳየች ከፊታችን ካለው ግራር ላይ ዐረፈች። «ትርርርር።»

ከዚያ ደግሞ ከግራሩ ወዲያ ፉጨት መጣ፣ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ ወጣና መጨረሻው ላይ «ፍስስ» አለ።

ያረቢ! ደስታዬን በምን ልንገራችሁ፣ «እንድሬ!» ብዬ ጮህኩ፣ «እንድሬዬ መጣሁ!» እያልኩ ሮጥኩ፣ አፏጨሁለት፣ መለሰልኝ፣ እንደገና አፏጨሁለት፣ መለሰልኝ፣ እንባዬ ይወርዳል፣ እሾሁ ይቧጥጠኛል፣ ምን ተሰምቶኝ። ግራሩ ጋ ደረስኩ፣ የለም። ፉጨቱ ከፊት ካለው ቁጥቋጦ ወዲያ ሆኗል፣ ወፏም እዚያ ናት። ቁጥቋጦው ጋ ደረስኩ፣ አሁንም ወዲያ ሆኗል። «እንድሬ ቁም እንጂ! ምነው ትሸሻለህ?» አልኩ። መልሱ ፉጨት ነው። እኔ ስቆም ይቆማል፣ እኔ ስሄድ ይሄዳል፣ አይቀርብም፣ አይርቅም።

ጋሼ ተክሌ ከኋላዬ እያለከለኩ «ዘይነባ! ዘይነባ ቁሚ!» ይላሉ። «አፉን ከፍቶ ለምን አይጠራሽም? የሚያፏጭ ሰው መናገር ያቅተዋል? ደግሞስ ሲሄድ ኮቴው የት አለ?»

ሰምቻቸዋለሁ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ያሉት ሁሉ ጆሮዬ ገብቷል፣ ግን ወንድሜ የሚጠራኝ መስሎኝ እንዴት ልቁም? እናንተ ትቆሙ ነበር? ፉጨቱ እንደገና መጣ፣ በጣም ቅርብ ሆኖ፣ ከፊቴ ካለው ረጅም ሣር ወዲያ፣ አንድ እርምጃ ብራመድ የምይዘው መስሎኝ እግሬን አነሳሁ።

ሻርፔን ከኋላ ጨምድደው ሲጎትቱኝ በጀርባዬ ወደቅኩ። ሣሩ ውስጥ መሬቱ አልቋል። ጎርፍ የቆረጠው ገደል ነው፣ አፉን ሣር ሸፍኖታል፣ በዚያ ብርሃን የሚያየው ሰው የለም፣ ጋሼ ተክሌ ራሳቸው ያወቁት አህያቸውን በልጅነቷ ሊበላት የነበረ ገደል ስለሆነ ነው። ፉጨቱ አሁን ከገደሉ ማዶ ነው።

ደረቴን መሬት ላይ አድርጌ ወደ ታች አየሁ፣ ነጭ ነገር ይታያል። የእንድሪስ ሸሚዝ ነው።

በመጫኛው ነው የወረድኩት፣ ጋሼ ተክሌ ጫፉን ከግራር ሥር አስረው ያዙልኝ፣ እጄ ተልጦ እንደነበር ያወቅኩት በማግስቱ ነው። በሕይወት አለ፣ አልሐምዱሊላህ! እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል፣ ፊቱን ግን ብታዩት ወንድሜ ነው አትሉም፣ ንቡ ነድፎት ዓይኑ ሊጠፋ ደርሷል፣ ከንፈሩ አብጦ ላይና ታቹ ተጣብቋል፣ ምላሱ አፉን ሞልቷል። የሻርፔን ጫፍ በውኃ እያረጠብኩ በከንፈሩ ጥግ ጠብ ጠብ አደረግኩለት፣ ጭንቅላቱን ክንዴ ላይ አድርጌ «እኔ ነኝ፣ እታለም ነኝ» እላለሁ፣ ሊመልስልኝ ይሞክራል፣ ከጉሮሮው «እእ» ከምትል ነገር በስተቀር የሚወጣ የለም።

እንዲህ ሆነን ሳለን ነው፣ ጭንቅላቱ ክንዴ ላይ፣ ትንፋሹ እጄ ላይ ሆኖ፣ ፉጨቱ እንደገና ከማዶ የመጣው። የእሱ ፉጨት፣ ከነ«ፍስስ»ዋ። የእንድሪስን ከንፈር አየሁት፣ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑን በቀጭኑ ከፈተ፣ ሰማው፣ ጣቶቼን ጨበጠኝ፣ ያ ሁሉ ድካም እያለበት አጥንቴን እስኪያመኝ ጨበጠኝ። ከላይ ጋሼ ተክሌ «በስመ አብ» ሲሉ ሰማሁ።

እኔ ስፈራ የምናደድ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ጮህኩ። «ማነህ አንተ? ሰው ከሆንክ ውረድና አግዘን፣ ሰው ካልሆንክ ደግሞ በአላህ ስም ከዚህ ጥፋ!» ፉጨቱ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ «ትርርርር» የምትለዋ ድምፅ ከማዶ እየራቀች ሄደች።

ጋሼ ተክሌ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ መውጣት ነበረባቸው። «ብቻሽን ትችያለሽ?» አሉኝ፣ «ይሂዱ እንጂ ጋሼ፣ እንዲያውም ቶሎ ይበሉ» አልኳቸው፣ ደፋር መስዬ። ከቁርአን አየተል ኩርሲይን እየቀራሁ፣ ውኃውን ጠብ ጠብ እያደረግኩ፣ «ልጅህን ሳታይ የትም አትሄድም፣ ስማኝ፣ ለሰዓዳ ቃል ሰጥቻለሁ፣ እንዳታዋርደኝ» እያልኩት ወንዶቹ ቃሬዛና ባትሪ ይዘው እስኪመጡ ጠበቅኩ። ያ ወንዙን እንጨርስ ያለኝ ሰውዬ ከፊት ሆኖ ነው የተሸከመው፣ አላህ ይስጠው፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ትከሻውን አልለወጠም።

ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። «ትናንት ማታ ማፏጨት ይችል ነበር?» ስለው እንደ እብድ አየኝና «እንኳን ሊያፏጭ መተንፈሱም ይገርመኛል፣ እብጠቱ የሁለት ቀን ነው» አለኝ። ሰዓዳ በዚያው ሳምንት ወለደች፣ ሴት ልጅ ናት፣ እንድሪስ እግሩ በጄሶ ሆኖ አቀፋት። አፉ ተፈትቶ መናገር ሲጀምር መጀመሪያ የጠየቀኝን ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

«እታለም፣ ረቡዕ ዕለት ከጫካው ወዴት ሄድሽብኝ?»

«የምን ረቡዕ? የምን ጫካ? እኔ ረቡዕን ሱቄ ውስጥ ነው የዋልኩት።»

«ተይ እንጂ» አለኝ፣ የምቀልድ መስሎት። «ሰሙን ቀብሬ ቀና ስል አፏጨሽልኝ። ሰዓዳ ምጥ ይዟት ልትጠሪኝ የመጣሽ መስሎኝ ጀሪካኑንም ሳልከድን ሮጥኩ። እየጠራሁሽ አትቆሚም፣ ታፏጪያለሽ፣ ትርቂያለሽ። ከዚያ መሬቱ ከእግሬ ሥር ጠፋ።»

«ምን ዓይነት ፉጨት?» አልኩት፣ እያወቅኩት።

«ያንቺው ነዋ፣ ከላይ ወደ ታች።»

ጨቅላዋን ተቀብዬው ወደ ውጭ ወጣሁ።

ደንበኛዬ የሆነ የባዮሎጂ መምህር አለ፣ ሁሉን ነገር በረጋ መንፈስ የሚያይ ሰው ነው፣ ያረጋጋኛል ብዬ አጫወትኩት። «ፍርሃት ላይ ያለ ጆሮ የፈለገውን ይሰማል፣ ገደል ደግሞ የገደል ማሚቶ አለው» አለኝ፣ ትንሽ ቀለለኝ። ከዚያ ስለ ወፏ ማውራት ይወዳል መሰለኝ ቀጠለ፣ ቆዳዋ ወፍራም ስለሆነ ንብ በቀላሉ አይጎዳትም፣ እናቷ እንቁላሏን ተደብቃ የሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ነው የምትሄደው፣ ስለዚህ ሰው መምራቱን እንኳ ያስተማራት እናት የለችም አለኝ። «ጫጩቷ ስትፈለፈል ዕውር ናት፣ ግን ምንቃሯ ጫፍ ላይ ሹል መንጠቆ አላት፣ የቤቱን ልጆች እዚያው ጨለማ ውስጥ ነክሳ ትጨርሳቸዋለች።»

«አዑዙቢላህ! እና አሳዳጊዋ እናት አታውቅም?»

«ዋናው ጉድ እሱ ነው» አለ መምህሩ፣ ማሩን በጣቱ እየቀመሰ። «አንድ ጫጩት ብቻ ብትጮህ የሚመጣው ምግብ ትንሽ ነው። ስለዚህ ብቻዋን ሆና የብዙ ጫጩት ድምፅ ታሰማለች፣ ቤቱ ሙሉ ልጅ ያለ ይመስላል፣ አሳዳጊዋ ልጆቼ ጠሩኝ ብላ እየሮጠች ትመጣለች።» አየኝ፣ ፊቴ ምን እንደመሰለ እንጃ፣ «አይ፣ ይሄ ጫጩት ሳለች ብቻ ነው፣ ስታድግ ትተወዋለች» አለኝና ማሩን ይዞ ወጣ።

እንድሪስ አሁን በምርኩዝ ይሄዳል፣ ደህና ነው፣ ይበላል፣ ይስቃል፣ ልጁን ያሳድጋል። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፣ ማፏጨት አይችልም። ከንፈሩ ድኗል፣ ሐኪሙም ምንም የለበትም ብሏል፣ አሹሎ ሲነፋ ግን ባዶ ትንፋሽ ነው የሚወጣው። ጋሼ ተክሌ ባለፈው ገበያ መጥተው ሳለ እሱ እንዳይሰማ ወደ ጓሮ ጠሩኝና፣ ከኮረብታው ጀርባ ለከብት የወረዱ ሰዎች አመሻሽ ላይ የእንድሪስን ፉጨት ሰማን ማለታቸውን ነገሩኝ፣ «እሱን ከዚያ አካባቢ አርቂው» አሉኝ። እኔ ግን የወንድሜን ነገር ለማንም አልተውም፣ እልህ ይዞኛል፣ እሁድ እሁድ እሱ ቤት እየሄድኩ በረንዳው ላይ አስቀምጬ አለማምደዋለሁ፣ ባዶ ትንፋሽ በወጣው ቁጥር «ድገም!» እለዋለሁ፣ ይደግማል፣ «ድገም!»

ባለፈው እሁድ ግን ደከመውና ምርኩዙን አስቀምጦ ትክ ብሎ አየኝ።

«ሁሌ እኔን ድገም ትይኛለሽ» አለ። «ከዚያ ቀን ወዲህ አንቺ ስታፏጪ ሰምቼሽ አላውቅም። እስቲ አንዴ አፏጪልኝና ልስማሽ።»

ሰዓዳ ልጅቷን እንደያዘች ከበሩ ላይ ቀና ብላ አየችን። ከንፈሬን በምላሴ አረጠብኩ፣ አሾልኩት፣ ትንፋሼን ሳብኩ፣ ከዚያ «ባጃጁ ጥሎኝ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው እሁድ» ብዬ ተነሳሁ።